የፋሲል ግንብ ድንጋይና የፕላኔቶች አየር፦ የምላሽ ጽሑፍ

ሰሞኑን ብዙ ሰው ሲቀባበለው የሰነበተ፣ እዚህ ጎንደርም ተማሪዎች እያነበቡ የሚከራከሩበት አንድ ጽሑፍ አለ። መነሻው የፋሲል ግንብ ነው። ዐፄ ፋሲል እ.ኤ.አ. በ1636 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ጎንደርን መናገሻቸው ካደረጉ ወዲህ አራት መቶ ዓመት ሊሞላው ጥቂት የቀረው ግንብ በዝናብና በፀሐይ መካከል ሳይለወጥ ቆሟልና፣ ድንጋይና አየር ምንም ዓይነት ኬሚካዊ ግንኙነት የላቸውም ይላሉ ጸሐፊው። ከዚህም ተነሥተው አምስት ድምዳሜዎች ያቀርባሉ፦ ድንጋይ ከአየር ጋር አይዋሃድም፤ የማርስ ቅላት ፕላኔቷ ዱሮ እንደ ምድር በኦክስጅን የበለጸገ አየር እንደነበራት ማረጋገጫ ነው፤ ቬነስ ላይ ውሃ ስለሌለ በገጿ ያለው ድንጋይ አይለወጥም፤ ምድርን ከቬነስ ዕጣ ያዳኗት ደኖች ብቻ ናቸው፤ በመጨረሻም የተፈጨ ድንጋይ እርሻ ላይ ሲበተን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይቀንሳል የሚባለው ማታለያ ነው።

ጽሑፉ በጥሩ አማርኛ የተጻፈ ነው፤ ስለ ፕላኔቶች በራሳችን ቋንቋ በዚህ ያህል ስፋት የሚጽፍ ሰው መገኘቱም ደስ ያሰኛል። ይሁን እንጂ በዚህች ከተማ ኬሚስትሪ የማስተምር ሰው እንደመሆኔ፣ ተማሪዎቼ ይህንን እንደ እውነት ይዘው ሲመጡ ዝም ማለት አልቻልኩም። የአምስቱም ስሕተቶች ሥር አንድ ነው፤ ጸሐፊው ድንጋይን አየር የሚያርፍበት ወለል ብቻ አድርገው ይቆጥሩታል። የአንድ ፕላኔት አየር ግን ከድንጋዩ ጋር በማያቋርጥ ልውውጥ ውስጥ የሚኖር ነው፤ ዛሬ በአየሩ ውስጥ የምናገኘው የጋዝ ዓይነትና መጠን ድንጋዩ ምን ያህሉን እንደወሰደ፣ ምን ያህሉን እንደመለሰና ይህንንም በምን ፍጥነት እንዳደረገ ሳይታወቅ ሊተረጎም አይችልም። ነጥቦቹን እርሳቸው ባቀረቡት ቅደም ተከተል እመለከታለሁ።

የመጀመሪያው ነጥብ ግንቡን ምስክር ያደረጉበት ነው። ግንቡ የተሠራበት ጥቁር ድንጋይ ባዛልት ነው። የሰሜኑን የአገራችንን ከፍተኛ ቦታዎች የሸፈነው ይህ ድንጋይ በአብዛኛው የዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ከመሬት ውስጥ ቀልጦ እየፈሰሰ የተነባበረ ሲሆን፣ የሰሜን ተራሮችም የዚሁ ታሪክ አካል ናቸው። በባዛልት ውስጥ ኦሊቪን፣ ፓይሮክሲንና ፕላጂዮክሌዝ የተባሉ ማዕድናት ይገኛሉ። ከእነዚህ ውስጥ ኦሊቪንና ፓይሮክሲን የያዙት ብረት ሁለት ኤሌክትሮን ብቻ ያጣ ነው፤ እርጥበትና ኦክስጅን ሲያገኝ ሦስተኛውን ይለቅቃል፣ ቀለሙም ወደ ቡናማና ወደ ቀይ ይለወጣል።

ይህን ለማየት ከቅርሱ ላይ አንዲት ፍንካች እንኳ መንካት አያስፈልግም፤ መንካትም አይገባም። በከተማዋ ዙሪያ ካሉት የድንጋይ ካባዎች ወደ አንዱ ሄዶ፣ ከላይኛው አፈር ሥር የወጣውን ድንጋይ ጠራቢው በመዶሻ ለሁለት ሲከፍለው መመልከት በቂ ነው። መሐሉ ጥቁር ግራጫ ሆኖ፣ በብርሃን ሲያዩት አረንጓዴ የሚያብለጨልጩ ጥቃቅን የኦሊቪን ቅንጣቶች ይታዩበታል። ወደ ጠርዙ ሲጠጉ ቡናማ ቀለበት ዙሪያውን ይከብበዋል፤ እዚያ ቀለበት ውስጥ አረንጓዴዎቹ ቅንጣቶች የሉም፣ በቦታቸው የዝገት ቀለም ያላቸው ነጠብጣቦች ይገኛሉ። ከቀለበቱ ውጭ ያለው ቅርፊት ደግሞ በጥፍር ሲጫሩት ይረግፋል፤ ድንጋይነቱን ትቶ አፈር ሆኗል። ገበሬዎቻችን የሚያርሱት ቀይ አፈርም ሆነ ክረምት ላይ የሚጣበቀው ጥቁሩ ወልካ የተገኙት በዚሁ መንገድ ነው። ውሃው በቀላሉ በሚያልፍበት ተዳፋት ላይ ብረቱ ቀልቶ ይቀራል፤ ውሃው በሚተኛበት ሜዳ ላይ ደግሞ ሲረጥብ የሚያብጥና ሲደርቅ የሚሰነጠቅ የሸክላ ማዕድን ይፈጠራል።

ታዲያ የግንቡ ድንጋይ ለምን የተለወጠ አይመስልም? ጉዳዩ የፍጥነት ነው። በባዛልት ላይ እንዲህ ያለው ቅርፊት ሚሊሜትር በሚሆን ውፍረት ለማደግ ብዙ ሺህ ዓመታት ይፈልጋል፤ አራት መቶ ዓመት ለአንድ ሥርወ መንግሥት ረጅም ቢሆንም ለባዛልት አጭር ነው። ጸሐፊው ቀርፋፋ የሆነውን ነገር የሌለ አድርገው ቆጥረውታል፤ ይህ ግድፈት በኋላ ስለ ቬነስና ስለ ምድር ካርቦን ሲጽፉም ደጋግሞ ይመጣል።

ከድንጋዩ ይበልጥ ጸሐፊውን የሚቃረናቸው ግን ድንጋዮቹን ያያዘው ኖራ ነው። የኖራ ድንጋይ 900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚጠጋ ሙቀት ሲቃጠል በውስጡ የታሰረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል፤ ከ100 ኪሎ ግራም ንጹሕ የኖራ ድንጋይ 44 ኪሎው ወደ አየር ሄዶ 56 ኪሎ የተቃጠለ ኖራ ይቀራል። ውሃ ሲፈስበት እየፈላና እየተንተከተከ ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ይሆናል። ከአሸዋ ጋር ተቦክቶ በድንጋዮቹ መካከል ከገባ በኋላ ደግሞ በሥራው ላይ እንዳለ፣ በዝግታ፣ ከአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድን እየወሰደ ተመልሶ ካልሲየም ካርቦኔት ይሆናል። የሚጠነክረው ስለደረቀ ብቻ ሳይሆን በምድጃው ውስጥ ያጣውን ጋዝ ከአየር መልሶ ስለወሰደ ነው። እንቁላል ተመትቶ ገብቶበታል እየተባለ የሚነገረው እውነት ሆነም አልሆነ፣ አጥንቱ ይህ ውህደት ነው። ስለዚህ ጸሐፊው ድንጋይና አየር አይገናኙም ለማለት በምስክርነት የጠሩት ግንብ፣ ኋላ ከታደሱት ክፍሎች በስተቀር፣ በየመጋጠሚያው የ17ኛውን ክፍለ ዘመን የጎንደር አየር ማዕድን አድርጎ ይዞታል።

የኖራው ጠባይ ሌላም ነገር ያስተምራል። ውህደቱ ከውጭ ጀምሮ ወደ ውስጥ ይገባል፤ የተዋሃደው ንብርብር እየወፈረ ሲሄድ ግን ጋዙ አልፎ ለመግባት ስለሚቸገር ፍጥነቱ እየቀነሰ ይመጣል። እርጥበቱ ከመጠን በላይ ሲያንስም ሲበዛም ሥራው ይስተጓጎላል። ደግሞም አየር ሁልጊዜ አጠንካሪ አይደለም፤ ከነዳጅ ጭስ የሚወጣ ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ካልሲየም ካርቦኔቱን ወደ ጂፕሰም፣ ማለትም ውሃ ወዳዘለ ካልሲየም ሰልፌት፣ ይለውጠዋል፣ ጂፕሰሙም በዝናብ ይታጠባል። በዓለም ላይ የብዙ ታላላቅ ከተሞች የእብነ በረድ ሐውልቶች የተጎዱት በዚህ ነው። አንባቢው ይህችን የሰልፈርና የካልሲየም ጉዳይ እንዲያስታውሳት እለምናለሁ፤ ቬነስ ላይ እንደገና እናገኛታለን።

ሁለተኛው ነጥብ ስለ ማርስ ነው። የማርስ ገጽ ቀይ የሆነው በብረት ኦክሳይድ ምክንያት ነው ማለታቸው ትክክል ነው። ከዚህ ተነሥተው ማርስ በአንድ ዘመን አንድ አምስተኛው ኦክስጅን የሆነ አየር ነበራት ማለታቸው ግን ማስረጃው ከሚሸከመው በላይ ነው።

ቅላቱ፣ በመጀመሪያ ደረጃ፣ የላይ ልብስ ነው። ኪዩሪዮሲቲ የተባለችው ሮቨር እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2013 በጌል ጉድጓድ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ድንጋይ ስትቦረቡር ከቀዳዳው የወጣው ዱቄት ግራጫ ነበር፤ በዙሪያው ያለው ገጽ ግን የዛገ አቧራ ለብሷል። ፕላኔቷ ለረጅም ዘመን በኦክስጅን በተሞላ አየር ውስጥ ኖራ ቢሆን፣ በተለይም ውሃ ይፈስባት በነበረበት ዘመን፣ ያን ያህል ቅርብ ጥልቀት ላይ ያልዛገ ድንጋይ በቀላሉ ባልተገኘ ነበር።

በተጨማሪም ብረትን ለማዛግ ብዙ ኦክስጅን ያለበት አየር የግድ አይደለም። የዛሬው የማርስ አየር 95 ከመቶ የሚሆነው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ ኦክስጅኑ 0.2 ከመቶ አይሞላም፤ ጠቅላላ ግፊቱም ከምድር የባሕር ጠለል ግፊት 1 ከመቶ በታች ነው። ይህ ስስ አየር ከፀሐይ የሚመጣውን ከሐምራዊ በላይ የሆነ ጨረር ስለማያግድ ጨረሩ የውሃ ተኑን ይሰብረዋል፤ ቀላሉ ሃይድሮጅን ወደ ጠፈር ያመልጣል፣ የቀረው ኦክስጅን አዘል ነገር ደግሞ ከገጹ ማዕድናት ጋር ይዋሃዳል። በአየሩ ውስጥ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ በእርግጥ ተለክቷል። ሁለቱ ቫይኪንግ መንኮራኩሮች እ.ኤ.አ. በ1976 ማርስ ላይ ባካሄዱት ሙከራ አፈሩ የውሃ ተን ሲነካው ኦክስጅን ለቅቋል፤ ፊኒክስ የተባለችው መንኮራኩር ደግሞ በ2008 በአፈሩ ውስጥ ፐርክሎሬት የተባለ የክሎሪንና የኦክስጅን ጨው አገኘች። እንዲህ ያለ ኃይለኛ አኦክሳጅ፣ ማለትም ሌላውን የሚያዝግ ነገር፣ የሞላበት አፈር፣ ቢሊዮን ዓመታት ከተሰጡት፣ ምድርን የመሰለ አየር ሳያስፈልገው አንድን ፕላኔት ማቅላት ይችላል። ከዚህም ጋር ከቅላቱ ከፊሉ የቀደመው እርጥብ ዘመን ቅሪት መሆኑን የሚያመለክቱ ማስረጃዎች አሉ፤ ውሃ መኖሩ ግን ኦክስጅን መሙላቱን አያሳይም።

ጸሐፊው ያልጠቀሱት፣ ቢጠቅሱት ኖሮ ግን ክርክራቸውን ያጠናክርላቸው የነበረ አንድ ግኝት አለ፤ በአደባባይ መነገር ያለበት ይመስለኛል። ኪዩሪዮሲቲ በጌል ጉድጓድ ድንጋዮች ስንጥቅ ውስጥ ከፍተኛ መጠን ያለው የማንጋኒዝ ኦክሳይድ አግኝታለች። ማንጋኒዝ ከብረት ይልቅ ለመኦክሰድ አስቸጋሪ ስለሆነ፣ አንዳንድ ተመራማሪዎች ግኝቱን ጥንታዊው የማርስ አየር ከዛሬው የበለጠ ኦክስጅን ነበረው ለማለት ተጠቅመውበታል። በኋላ ግን በቤተ ሙከራ በተደረጉ ሥራዎች፣ ማርስ ላይ እንደሚገኙ የሚታሰቡት የክሎሪንና የብሮሚን ጨዎች ያለ ነጻ ኦክስጅን ማንጋኒዝን ሊኦክስዱ እንደሚችሉ ታይቷል። እንግዲህ ጠንካራው ማስረጃ እንኳ ሌላ መንገድ ክፍት ከሆነበት፣ ቅላቱ ብቻውን ማረጋገጫ ሊባል አይችልም።

ሦስተኛው ነጥብ ሰፋ ያለ ቦታ ይገባዋል፤ ጽሑፉ በጣም የሳተው እዚህ ላይ ነውና። ቬነስ ላይ ፈሳሽ ውሃ ስለሌለ ድንጋዩ አይለወጥም ይላሉ። ምድር ላይ አብዛኛው የድንጋይ መበስበስ በውሃ አማካይነት መካሄዱ እውነት ነው። ውሃ ግን አንዱ መንገድ እንጂ ብቸኛው መንገድ አይደለም። ቬነስ ላይ ሌላ ኃይል አለ፦ ሙቀትና ግፊት። የገጿ ሙቀት 460 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው፤ የአየሯ ግፊት የምድርን የባሕር ጠለል ግፊት 90 እጥፍ ያህላል። በዚህ ሁኔታ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝም ፈሳሽም ሊባል በማይችል ጥቅጥቅ ሁኔታ ውስጥ ሆኖ የድንጋዩን ስንጥቅ ሁሉ ይሞላል። ከዚህ በላይ ሰልፈር ዳይኦክሳይድ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ሃይድሮጅን ክሎራይድና ሃይድሮጅን ፍሎራይድ በአየሩ ውስጥ አሉ። ሰልፈር ዳይኦክሳይዱ ከአንድ ሚሊዮን የአየር ክፍል ውስጥ 150 ያህል ክፍል ነው፤ ቁጥሩ ትንሽ ቢመስልም ከዚያ ሁሉ ግዙፍ አየር ውስጥ ሲታሰብ መጠኑ ብዙ ነው።

አሁን ያችን የኖራና የሰልፈር ጉዳይ እናንሣ። እ.ኤ.አ. በ1989 ብሩስ ፌግሊና ሮናልድ ፕሪን የተባሉ ተመራማሪዎች የካልሳይት ማዕድንን፣ ማለትም የኖራ ድንጋይ የተሠራበትን ካልሲየም ካርቦኔት፣ በሰልፈር ዳይኦክሳይድ ውስጥ እያጋሉ ምን ያህል በፍጥነት ወደ አንሃይድራይት፣ ማለትም ውሃ ወደሌለው ካልሲየም ሰልፌት፣ እንደሚለወጥ ለኩ። የለኩትን ፍጥነት ወደ ቬነስ ገጽ ሲያሰሉት የደረሱበት ውጤት አስደናቂ ነበር፤ ሌላ ምንጭ ባይተካው ኖሮ በቬነስ አየር ውስጥ ያለው ሰልፈር ዳይኦክሳይድ በሙሉ በ1.9 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ውስጥ ወደ ድንጋዩ ገብቶ ባለቀ ነበር። ከፕላኔቷ 4.5 ቢሊዮን ዓመት ዕድሜ ጋር ሲነጻጸር ይህ እጅግ አጭር ነው። ጋዙ ግን ዛሬም አለ። ስለዚህ እየመለሰ የሚተካው ነገር መኖር አለበት፤ ቅርቡ ተጠርጣሪም እሳተ ገሞራ ነው። በእርግጥ ካልሳይት ቬነስ ላይ እስካሁን በቀጥታ አልተገኘም፣ ከባዛልት ማዕድናት ጋር የሚደረገው ውህደትም በሌላ ፍጥነት ይሄዳል፤ ስለዚህ ቁጥሩ ራሱ ሊለዋወጥ ይችላል። አካሄዱ ግን የሚደነቅ ነው፦ በአንድ ቤተ ሙከራ ውስጥ የአንዲት ማዕድን ለውጥ ተለክቶ፣ ማንም ያላየው እሳተ ገሞራ መኖር አለበት ተባለ። በ2023 ማጀላን የተባለችው መንኮራኩር በ1991 ያነሣቻቸው የራዳር ምስሎች እንደገና ሲመረመሩ፣ ማአት ሞንስ በተባለው ተራራ አጠገብ ያለ አንድ የእሳተ ገሞራ አፍ በስምንት ወራት ልዩነት ቅርጹን ለውጦና ሰፍቶ ተገኘ።

ከድንጋዩ ወገን ያለውም ምስክርነት አለ። የሶቪየት ኅብረት መንኮራኩር ቬኔራ 13 እ.ኤ.አ. በማርች 1982 ቬነስ ላይ አርፋ፣ በዚያ እሳት ውስጥ ከሁለት ሰዓት በላይ ሠርታ፣ የድንጋዩን ውሁድ በኤክስሬይ ለካች። ያገኘችው ድንጋይ የባዛልት ወገን ነው፤ የግንባችን ድንጋይ ዘመድ ማለት ነው። በውስጡ ያለው ሰልፈር ግን በተለመደው ባዛልት ውስጥ ከሚጠበቀው በላይ ነበር፤ በ1985 ቬጋ 2 በሌላ ቦታ የለካችው ደግሞ ከዚያም ይበልጣል። የዚህ ሰልፈር ቅርቡ ምንጭ ከላይ የተጫነው አየር ነው።

የቬነስን ከፍታዎች ጉዳይም ጸሐፊው አልነኩትም። ማክስዌል የተባለው ተራራ 11 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ይላል፤ በዚያ ከፍታ ሙቀቱ ከዝቅተኛው ሜዳ በ80 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። በብዙዎቹ ተራሮች ላይ ከተወሰነ ከፍታ በላይ ያለው መሬት ራዳርን በተለየ ኃይል ያንጸባርቃል። ምክንያቱ በከፍታው ቅዝቃዜ የሚፈጠር ማዕድን ነው ወይስ ከቆላው ተንኖ እንደ ውርጭ የሰፈረ የብረታ ብረት ውህድ ነው በሚለው ላይ ክርክሩ አልተቋጨም። ሁሉም አማራጮች ግን የአየርና የገጽ ልውውጥ ናቸው፤ የማይለወጥ ድንጋይ በከፍታ ልክ መልኩን ሊቀያይር አይችልም።

አንድ ጥንቃቄ ለተማሪዎች ላክል። በ2020 የታተመ አንድ የሙከራ ሥራ ኦሊቪን ሲግል በጥቂት ጊዜ ውስጥ በሄማታይት (በቀዩ የብረት ኦክሳይድ) ስስ ሽፋን እንደሚለበስ አሳይቶ፣ ከዚህም በመነሣት አንዳንድ የቬነስ ቅልጥ አለቶች በጣም አዲስ ናቸው ብሏል። ሙከራው የተደረገው ግን በምድር አየር ውስጥ ነው፤ የቬነስ ገጽ ደግሞ እጅግ ጥቂት ነጻ ኦክስጅን ነው ያለው። ስለዚህ ፍጥነቱን እንዳለ ወደ ቬነስ መውሰድ አይቻልም። የቬነስን ትክክለኛ ጋዝ፣ ሙቀትና ግፊት አንድ ላይ የሚፈጥሩ ክፍሎች፣ አሜሪካ ክሊቭላንድ ውስጥ ናሳ እንዳለው ዓይነት፣ የተሠሩት ለዚህ ነው።

አራተኛው ነጥብ ምድርን ያዳኗት ደኖች ብቻ ናቸው የሚለው ነው። ለደን ያላቸውን ፍቅር እጋራለሁ፤ በዙሪያችን የተራቆቱትን ኮረብታዎች የሚያይ ሰው ሁሉ ይጋራዋል። በየአብያተ ክርስቲያናቱ ቅጥር የተረፉት ዛፎች ምን ያህል ውድ እንደሆኑም አውቃለሁ። ነገር ግን የሒሳቡ መጠን ሌላ ነው። በምድር ላይ ባሉ ሕያዋን ተክሎች ሁሉ ውስጥ ያለው ካርቦን ዛሬ በአየሩ ውስጥ ካለው ያንሳል፤ በኖራ ድንጋይና በመሰል ካርቦኔት አለቶች ውስጥ የተቆለፈው ካርቦን ግን ከአየሩ በብዙ አሥር ሺህ እጥፍ ይበልጣል። ያ ሁሉ ተቃጥሎ ወደ አየር ቢመለስ ምድር ከቬነስ ጋር የሚቀራረብ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሸክም ትለብስ ነበር። ሁለቱ ፕላኔቶች ያላቸው ካርቦን ተመሳሳይ ነው ለማለት ይቻላል፤ የተለያየው ማስቀመጫው ነው።

ማስቀመጫው የተሞላው እንዴት ነው? የዝናብ ውሃ ከአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ስለሚያሟሟ በተፈጥሮው ጥቂት አሲድነት አለው፤ ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው፤ ከ7 ሲያንስ አሲድ ነው) 5.6 ገደማ ነው። ይህ ውሃ እንደኛ ባለ ባዛልት ላይ ሲወርድ ካልሲየምና ማግኒዚየም ከማዕድናቱ ይሟሟሉ፣ ካርቦኑ ባይካርቦኔት ሆኖ በወንዝ ይሄዳል፣ ባሕር ሲደርስ ከካልሲየሙ ጋር ካልሲየም ካርቦኔት ሆኖ ይዘቅጣል። ከሰሜን ተራሮች በተከዜና በአንገረብ የሚወርደው የክረምት ጎርፍ የሚሸከመው ደለል ብቻ አይደለም፤ ለዓይን የማይታይ፣ የሟሟ ድንጋይና የታሰረ አየርም ይዞ ይሄዳል። ባዛልት ከየብሱ ትንሽ ድርሻ ያለው ሆኖ ሳለ በሲሊኬት (ሲሊከንና ኦክስጅን ባሉባቸው) ድንጋዮች አማካይነት ከሚታሰረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲሶ የሚጠጋውን እንደሚይዝ ይገመታል። የዚህን ኬሚስትሪ መሠረት ፈረንሳዊው ዣክ ዦሴፍ ኤቤልመን በ1845 ጽፎት ነበር፤ በ20ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ ሃሮልድ ዩሬይ በ1952 ከፕላኔቶች አየር ጋር አያይዞ እንደገና አነሣው።

በ1981 ጄምስ ዎከር፣ ፖል ሄይስና ጄምስ ካስቲንግ አንድ ወሳኝ ነገር አከሉበት። ምድር ስትሞቅ ዝናቡም የድንጋዩ መሟሟትም ይፈጥናል፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይቀንሳል፣ ሙቀቱም ይወርዳል፤ ስትቀዘቅዝ ደግሞ መሟሟቱ ስለሚዘገይ ከእሳተ ገሞራ የሚወጣው ጋዝ ይከማችና መልሶ ያሞቃታል። ፀሐይ በወጣትነቷ ከዛሬው በ30 ከመቶ ገደማ ደካማ ብርሃን ነበራት፤ ሆኖም የምድር ውቅያኖሶች በዚያ ዘመን ፈሳሽ ነበሩ። ይህ የሆነው የብስ ላይ አንድም ዛፍ ከመብቀሉ ከ3 ቢሊዮን ዓመታት በፊት ነው። ደኖች ብቻ ናቸው የሚለው አባባል ለዚህ ሁሉ ዘመን መልስ የለውም። እርግጥ ነው፣ ተክሎች ከመጡ በኋላ ሥሮቻቸው የአፈሩን አየር በካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚያበለጽጉና አሲድ ስለሚያመነጩ የድንጋዩን መሟሟት አፋጥነውታል፤ ደን የዚህ ዑደት ጠንካራ አጋዥ ነው።

ቬነስም ዑደቱ የተቋረጠባት ውሃዋን ስላጣች ነው። በአየሯ ውስጥ ከባዱ ሃይድሮጅን ከቀላሉ ጋር ያለው ምጥጥን ከምድር ከ100 እጥፍ በላይ ነው፤ ይህም ቀላሉ ሃይድሮጅን በብዛት ወደ ጠፈር ማምለጡን፣ ማለትም ዱሮ ብዙ ውሃ የነበረ መሆኑን ያሳያል። ካርቦኑን አሟሙቶ ወደ ድንጋይ የሚመልስ ዝናብ ሲጠፋ እሳተ ገሞራው የተፋው ሁሉ አየር ላይ ቀረ። እዚህ ላይ ጸሐፊው ስለ ውሃ የተናገሩት በከፊል ትክክል ነበር፤ ውሃ ባለመኖሩ የቆመው ግን ካርቦን የማሰሩ ሥራ ብቻ ሲሆን፣ የሰልፈሩ ሥራ ከላይ እንዳየነው ቀጥሏል።

አምስተኛውና የመጨረሻው ነጥብ የተፈጨ ባዛልትን የሚመለከት ነው። እዚህ ላይ ከጸሐፊው ጋር ግማሽ መንገድ እሄዳለሁ። ይህ ነገር በጥቂት ዓመታት ውስጥ የዓለምን የአየር ንብረት ያስተካክላል የሚል ሰው ካለ የተጋነነ ነገር ተናግሯል። አንድ ቶን ባዛልት በሙሉ ቢሟሟ እንኳ የሚያስረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ 300 ኪሎ ግራም ገደማ ነው፤ በተግባር ሁሉም አይሟሟም፣ ለመፍጨትና ለማጓጓዝ የሚቃጠለው ነዳጅም ከዚህ ላይ ይቀነሳል። ተፈጥሯዊው ዑደት ደግሞ የሚሠራው በመቶ ሺህዎች ዓመታት ልክ ስለሆነ የእኛን ጭስ ተከታትሎ ሊደርስበት አይችልም።

ማታለያ ነው ማለት ግን ሌላ ነገር ነው። ውህደቱ እውነተኛ መሆኑ በአይስላንድ በገሃድ ታይቷል። ካርብፊክስ በተባለው ሥራ እ.ኤ.አ. በ2012 ካርቦን ዳይኦክሳይድ በውሃ ተሟሙቶ ከመሬት በታች ወዳለ ባዛልት ተረጨ፤ ተመራማሪዎቹ በ2016 ባወጡት ውጤት መሠረት ከ95 ከመቶ በላይ የሚሆነው ከሁለት ዓመት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ካርቦኔት ማዕድን ሆኗል። ጸሐፊው አይዋሃዱም ያሏቸው ሁለት ነገሮች፣ ድንጋዩና ጋዙ፣ ሁኔታው ሲመቻችላቸው ማንም ከጠበቀው ፈጥነው ተዋሃዱ።

እኛ ጋ ጉዳዩ ከአየር ንብረት በፊት የአፈር ጉዳይ ነው። በክልላችን ደጋማ ወረዳዎች ብዙ ማሳ አሲዳማ ሆኗል፤ ገበሬው የተፈጨ የኖራ ድንጋይ እንዲበትን የሚመከረውም ለዚህ ነው፣ ኖራው ግን ከሩቅ ስለሚመጣ ዋጋው ይከብዳል። የባዛልት ዱቄትም፣ ከኖራው በዝግታ ቢሆንም፣ አሲድነትን የሚያበርዱ ካልሲየምና ማግኒዚየም አሉት፤ በጠጠር መፍጫዎች ዙሪያ ደግሞ ለጠጠርነት የማይበቃ ብናኝ ይቀራል። ይህ ብናኝ ለማሳ ይጠቅማል ወይስ አይጠቅምም የሚለው በመፈክርም በውግዘትም አይመለስም። ብናኙ ምን ያህል የላመ እንደሆነ፣ በውስጡ ኒኬልና ክሮሚየም ምን ያህል እንዳለ፣ ከክረምት በፊትና በኋላ የአፈሩ ፒኤች ስንት እንደሆነ፣ ከማሳው ሥር በሚወጣው ውሃ ውስጥም ባይካርቦኔቱ መጨመሩን መለካት ያስፈልጋል። ብናኝ ከተበተነበት ማሳ ጎን ያልተበተነበት ማሳ ሊኖር ይገባል፤ ልኬቱም የአንድ ክረምት ብቻ ከሆነ አይበቃም፣ የኦሊቪንና የፕላጂዮክሌዝ ቅንጣቶች የሚሟሙት በተለያየ ፍጥነት ነውና።